ያላጠረው ካፖርት

እናትየው የልጅቷን ክንድ ወደ ላይ አነሳችና የካፖርቱን እጅጌ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ወደ ክርኗ ሳበችው። «አየሽ አይደል? አጥሮሻል» አለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ እጅጌውን፣ ቀጥላ የእናቷን ጣቶች አየች። ጣቶቹ ቢለቁት እጅጌው ተመልሶ የእጇ አንጓ ላይ ቁጭ እንደሚል ሁለቱም ያውቃሉ። ሰማያዊ ካፖርት ነው፤ ከቁልፎቹ የላይኛው ጠፍቶ ከአሮጌ የትራስ ልብስ የተፈታ ቢጫ ቁልፍ ተተክቶበታል። ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ልጅቷ ካልተመዘዘች ደግሞ ሁለት ዓመት ያስኬዳል። «እሺ» አለች ልጅቷ። ሰባት ዓመቷ ነው። ያላመነችበትን ነገር ስትቀበል እሺ የምትለው እንዲህ ነው፤ አጭር ነው፣ ቁጣ የለበትም፣ ጥያቄም አይከተለውም። እናትየው ከልቅሶ ይልቅ ያንን እሺ ትፈራዋለች። ካፖርቱን አወለቀችላት፣ አጣጠፈችው፣ ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

መሥሪያ ቤቷ ለችግረኛ ልጆች ለሚያሰባስበው ልብስ ሌላ የሚሰጥ ነገር ፈልጋ አጥታ ነው። ክፍላቸው አንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ከሚከራዩት የመጨረሻዋ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ከድሮው ቤት ተጭኖ የመጣ ትልቅ ቁም ሳጥን አለባት። ቁም ሳጥኑ ለዚህ ክፍል አልተሠራም። አልጋው ስለሚከለክለው የሚከፈተው አንዱ በሩ ብቻ ነው፤ በወዲያኛው በኩል ያለውን ለማውጣት ክንድን እስከ ትከሻ ሰድዶ መዳበስ ያስፈልጋል። ዳብሳ ዳብሳ ያገኘችው ጓደኛው የጠፋ የሕፃን ካልሲና የተሰበረ ጃንጥላ ነበር። ልጅ ሳያስቡት ያድጋል ይባላል። ለዚህች ልጅ ግን ልብስ የሚገዛው ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ከፍ ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ እያደገች ትደርስበታለች እንጂ አያጥራትም። የሚያጥር ልብስ የሚኖረው በልኩ ለሚለብስ ሰው ነው።

ታዲያ የሌላት ሰው ለምን ትሰጣለች? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይቀላል። ዶሮዋም ግን የራሷ ምክንያት ሳይኖራት አይቀርም። እናትየው የምትሠራው ውሃ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ «ባለ በረንዳዋ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖር በነበረ ጊዜ ስለ በረንዳዋና በረንዳው ላይ ስለምታሳድጋቸው አበቦች አውርታ ስለማትጠግብ ነው። ባሏ ሲሄድ በረንዳውም አብሮ ሄደ፤ ይኸው ዓመት አለፈው። መሥሪያ ቤቱ አልሰማም፣ እሷም አልተናገረችም፤ ልጅቷንም እዚያ በዓይኑ ያያት የለም። መጀመሪያ ላይ ልትናገር አስባ ነበር። ያን ሰሞን የተላላኪዋ ቤት ጎርፍ ገባበትና ሠራተኛው ልብስና ጫማ አዋጥቶ ሰጣት። በማግስቱ ከፋይል መደርደሪያው ኋላ ሆና ሁለት ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ሲንሾካሾኩ ሰማች። «ጫማዬን አድርጋው መጣች፣ አየሻት?» አለች አንደኛዋ። «በረገጠችው ቁጥር እኔን እግሬን ያመኛል።» ተሳሳቁ። ክፉዎች አይደሉም፤ በሰጡት ነገር ላይ ትንሽ መሳቅ መብታቸው መስሏቸው ነው። እሷ ግን የዚያን ቀን አፏን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ስለ አበቦቹ ሲጠይቋት «ደህና ናቸው» እያለች ትመልሳለች። የሌለ አበባ ዓመት ሙሉ ውሃ ማጠጣት ያደክማል።

ግቢውን አጣቢዋ እየጠረገች ነበር። አጣቢዋ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ናት፤ ገና በቅጡ መሄድ ያልጀመሩ መንታ ወንዶች አሏት፤ የሰው ልብስ እያጠበች ታሳድጋቸዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እናትየው ሥራ ስትገባ ልጅቷ የምትውለው እሷ ዘንድ ነው፤ ዛሬም ቅዳሜ ነው። «ዛሬ ሰዎች ይመጣሉ ብለውኛል፣ የሰፈሩ ኮሚቴ የላካቸው» አለች መጥረጊያዋን ተደግፋ። እናትየው የቤት ኪራይ ጉዳይ መሰላትና «ጥሩ ነው» ብላ አለፈች። አከራይዋ ወደ ገበያ ልትወጣ በሩ ላይ ቆማለች። ልጅቷ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ» አለቻት፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። የግቢው ልጆች ሁሉ አከራይዋን እትዬ ነው የሚሏት፤ የሚፈሩት ትልቅ ሰው ስለሆነች። እናትየው ፌስታሉን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ወደ ታክሲ ተራ ሄደች።

መሥሪያ ቤቱ ስትደርስ መሰብሰቢያ ክፍሉ ልብስ በልብስ ሆኗል። ነገሩን የጀመረችው ገንዘብ ያዧ ናት፤ ድምፅዋ ከሦስተኛው ቢሮ የሚሰማ፣ እጇም እንደ ድምፅዋ የማያርፍ። «ልጆቻችሁ ያጠራቸውን ልብስ፣ ተጫውተው የጠገቡትን አሻንጉሊት አምጡ» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትዞር ከርማለች። ሰውም እጁ ላይ ያለውን አምጥቷል፤ አንድ ጆሮ የቀረው ድብ፣ ጎማው የወለቀ መኪና፣ አፍንጫው ተልጦ የተቀባ የቆዳ ጫማ፣ ካልሲ በካልሲ። ኃላፊው ሁለት ከረባት ሰጥቷል፤ ለየትኛው ሕፃን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ተላላኪዋም የልጇን ኮፍያ አጥባ ተኩሳ አምጥታ፣ በዚያችው ጫማ ቆማ ታጣጥፋለች። የሁሉንም ትዕግሥት የፈተነችው ግን ባትሪዋ ያላለቀ አሻንጉሊት ናት፤ ሲነኳት ታለቅሳለች፣ ማጥፊያዋ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፍቷል። ዝም እንድትል ካልሲ መሐል ቀበሯት።

ገንዘብ ያዧ ፌስታሉን ተቀብላ ካፖርቱን ዘረጋችው። «ኧረ አንቺ ሴትዮ! ይሄማ ገና ነው። ልጅቱን ምን እየመገብሻት ነው?»

«ልጅ አይደለች? ተመዘዘች» አለች ባለ በረንዳዋ። እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። «አባቷም ሌላ ገዛላት» ብላ ጨመረች። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ማዳበሪያ አይፈልግም።

«የድሎት ልጅ!» አለች ገንዘብ ያዧ፤ ከልቧ ደስ ብሏት። «በይ አንቺም ከኛ ጋር ትሄጃለሽ። አንድ ልጅ ብታሳድጊም ልክ ታውቂያለሽ፣ የኔዎቹ ጎረምሶች ናቸው።» ባለ በረንዳዋ ልጇን ከዋለችበት እንደምትወስድ፣ ራሷንም ትንሽ እንደሚያማት ተናገረች። «ስንመለስ ቤትሽ በር ላይ እናወርድሻለን» አለቻት ገንዘብ ያዧ፣ ጉዳዩን ጨርሳ።

መኪናዋ ውስጥ አራት ሆነው ገቡ፤ ሾፌሩ፣ ገንዘብ ያዧ፣ ባለ በረንዳዋና መንገድ ላይ የጠበቃቸው የሰፈሩ ኮሚቴ ሰውዬ። ጆንያዎቹ ኋላ ተጭነዋል። መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር አሻንጉሊቷ ከጆንያው ውስጥ ታለቅሳለች። «ያቺን ልጅ ዝም አሰኙልኝ፣ ባለቤቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች» ይላል ሾፌሩ፤ ገንዘብ ያዧ ትስቃለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች ወንዙን ሳይሻገሩ ነበሩ። እዚያ ባለ በረንዳዋ እንኳን ደስ ብሏት ነበር፤ ለአንድ ሕፃን ሹራብ ለክታ አንገቱ ሲያልፍለት ገንዘብ ያዧ አጨብጭባላታለች። ሦስተኛውን ቤት ፍለጋ ኮሚቴው ሰውዬ «በድልድዩ ተሻገር» ሲል ግን ልቧ ስንጥቅ አለ። ድልድዩን ተሻገሩ። የማገዶ መሸጫውን አለፉ። እሷ ዳቦ በዱቤ የምትወስድበትን ሱቅ አለፉ፤ ባለሱቁ ደጅ ላይ ቆሞ ስለነበር አቀርቅራ የጫማዋን ማሰሪያ ነካካች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም።

«ራሴን በጣም አመመኝ፣ እዚህ ልውረድ» አለች።

«እዚህ ወርደሽ የት ትሄጃለሽ?» ገንዘብ ያዧ ወደ ኋላ ዞረች። «ቤትሽ ከተማው ጫፍ! ይሄ ሰፈር ደግሞ ታክሲ እንኳ አይገባበትም። እንኪ ይቺን ዋጪ።» ከቦርሳዋ የራስ ምታት ክኒንና የሞቀ የላስቲክ ውሃ አውጥታ ሰጠቻት። ባለ በረንዳዋ ዋጠችው። እውነትም ራሷን ማመም ጀምሯት ነበር። ኮሚቴው ሰውዬ ቀጭኑ መንገድ አፍ ላይ መኪናውን አስቆመ። እሱ አንዱን ጆንያ ተሸክሞ ከሾፌሩ ጋር ከታች ወዳሉት አዛውንት ቤት ሊወርድ ሆነ። «እናንተ ደግሞ ያንን ቡናማ በር ግፉ» አለ ለሁለቱ ሴቶች። «መንታ ያላት ናት፣ ያለ አባት የምታሳድግ። ነግሬያታለሁ፣ ትጠብቃችኋለች።»

ቡናማውን በር ስትገፋው ከሥር መሬት እየፋቀ እንደሚከብድ ታውቃለች። አስቀድማ በጉልበቷ ከታች ገፋችው። ገንዘብ ያዧ «አቤት ጉልበት!» አለች። ግቢው ጠዋት ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶበታል። ከመጨረሻው ክፍል በር ላይ የእሷ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ ከመስኮቱ የእሷ መጋረጃ ይታያል፣ ገመዱ ላይ ደግሞ የእሷ አረንጓዴ ሸሚዝ ተሰጥቷል። አጣቢዋ አንዱን መንታ ታቅፋ ከቤቷ ወጣች። ገንዘብ ያዧን አየች፣ ከኋላዋ ጎረቤቷን አየች፣ አፏም ስሟን ሊጠራ ተከፈተ። ጎረቤቷ ፊቷ አመድ መስሎ ቆማለች። ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ የሚለምኑት። አጣቢዋ የተከፈተ አፏን ወደ ፈገግታ አዞረችው። «ግቡ፣ ግቡ እናቶቼ፤ በቆማችሁበት አትቅሩ» አለች።

«አንቺ!» ገንዘብ ያዧ ገመዱ ጋ ደርሳ ሸሚዙን በሁለት ጣቷ ያዘችው። «ይሄ ልክ ያንቺ ሸሚዝ አይደል? ያኔ ከየት ገዛሽው ያልኩሽ!»

«የኔ እንዳይመስላችሁ ደግሞ» አለች አጣቢዋ ቶሎ ብላ። «የሰው ነው። አጥቤ ነው የማደርሰው።»

እንዲህ ነው ነገሩ በቀላሉ የታለፈው። ባለ በረንዳዋ ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቶሎ ሰጥተው፣ ቶሎ ተመርቀው፣ ቶሎ ይወጣሉ ብላ አሰበች። በልቧ ልጅቷ ተኝታ እንድትሆን፣ ጎረቤት ልጆች ጋ ሄዳ እንድትሆን፣ ብቻ ምንም እንድትሆን ትለምን ነበር። አሻንጉሊቷ ጆንያው ሲቀመጥ አለቀሰች። ይህን ሰምታ ሁለተኛውን መንታ ጀርባዋ ላይ አዝላ ልጅቷ ከቤት ብቅ አለች። እናቷን አየችና ፊቷ በራ፤ «እማ—» አለች።

እናትየው ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ሌላ ምንም አላደረገችም፤ ዓይኗን ብቻ ነው የጣለችው። አጣቢዋ መሐል ገብታ የልጅቷን ትከሻ ያዘች። «አቤት ልጄ፣ እዚህ ነኝ። ነይ፣ እንግዶቹን ሰላም በዪ» አለች። ልጅቷ አጣቢዋን አየቻት። ከዚያ እናቷን። እናቷ አሁንም መሬት መሬቱን ታያለች፣ የሆነ ነገር እንደ ወደቀባት ሰው። ልጅ ቶሎ ይገባዋል። የማይገባው ለምን እንደሆነ ነው እንጂ፣ ምን እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል። ልጅቷ ያዘለችውን ሕፃን ከፍ አድርጋ አስተካከለችና ገንዘብ ያዧን በእጇ ጨበጠች። ከዚያ እጇን ለእናቷ ዘረጋች። እናትየው ጨበጠችው። ትንሽ፣ ሞቃት፣ ሳሙና ሳሙና የሚል እጅ ነው፤ ጠዋት ራሷ ናት ያጠበችው።

«ትልቅ ልጅም አለችሽ? ኮሚቴው አልነገረንም!» አለች ገንዘብ ያዧ፤ ደግነቷ ተቀጣጠለ። «ቆይ ቆይ፣ ለሷም አናጣላትም።» ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኗ ገብታ በረበረችና ሰማያዊውን ካፖርት መዛ አወጣች። «ይኸው! ለዚች የተሰፋ ነው የሚመስለው። አንቺ ነሽ ያመጣሽው፤ አንቺው በእጅሽ አልብሻት። ፎቶ ላንሳችሁ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች እናሳያለን።» ስልኳን አውጥታ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። አጣቢዋ ሕፃኑን ከልጅቷ ጀርባ ተቀበለች።

እናትየው ተንበረከከች። ግራ እጅ መጀመሪያ፣ ከዚያ ቀኝ፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። እጅጌው ወርዶ የእጇ አንጓ ላይ ቁጭ አለ። ከታች ወደ ላይ ቆለፈችላት፤ ቢጫው ቁልፍ ጋ ስትደርስ ቀዳዳውን ሳተችው። ልጅቷ አገጯን ቀና አደረገችላት፤ ይህንንም ሁልጊዜ እንደምታደርገው። ፊቶቻቸው በጣም ተቀራርበው ነበር። ልጅቷ የእናቷን ፊት አልፋ ግድግዳውን ታያለች። «እሰይ! ልክሽ ነው፣ እጅጌው እንኳ!» አለች ገንዘብ ያዧ። «በይ አመስግኛት፣ የኔ ቆንጆ።»

«አመሰግናለሁ፣ እትዬ» አለች ልጅቷ።

ፎቶው ተነሳ። አጣቢዋ እየመረቀች እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ ምርቃቱን ግን ለገንዘብ ያዧ ብቻ ነው የሰጠችው። መኪና ውስጥ ገንዘብ ያዧ ፎቶውን ደጋግማ አየችው። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ድህነት ከጨዋነት አይከለክልም እኮ። አንቺ ግን ምነው እንደ ልቅሶ ቤት ሰው ሆንሽ ፎቶው ላይ? ሆደ ቡቡ ነሽ።» የመንገዱን ርዝመት ሁሉ ስለ ሆደ ቡቡነቷ አወራች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እናትየው አሁን ብብቷ ሥር ምን ይዛ ከቤት እንደወጣች፣ ምን ጥላ እንደምትመለስ ታውቃለች። አሁን ብትናገር ምን ትላለች? ያቺ ልጅ የኔ ናት? ዓመት ሙሉ ሳይከብዳት የዋሸችው አፍ ለዚህ አንድ እውነት አልከፈት አለ። መኪናዋ ድልድዩን ተሻገረች፣ ከተማውን አቋረጠች፣ ቃል እንደተገባውም የድሮው ሕንፃ በር ላይ አወረደቻት። እጇን እያውለበለበች በሩ ላይ ቆመች። ሾፌሩ መኪናውን ለማዞር ብዙ ፈጀ። እሷ እስኪያዞር ድረስ አውለበለበች።

የሕንፃው ዘበኛ ከጎጆው ብቅ አለ። «እንዴ እመቤት! ጠፉ እኮ። ዕቃ ረስተው ነበር?»

«አይ፣ በዚህ ሳልፍ ነው» አለችው። ቀና ብላ ሦስተኛውን ፎቅ አየች። በረንዳው ላይ አዲሶቹ ሰዎች ፍራሽ አስጥተዋል። አበባ የሚባል የለም፤ ማሰሮዎቹ እንኳ ተነስተዋል። ደስም አላላትም፣ አልከፋትምም፤ ደክሟት ነበር። የመጀመሪያውን ታክሲ ለመያዝ ተጋፋች፣ ሁለተኛው ላይ ቆማ ሄደች፣ ታክሲ የማይገባበትን በእግሯ ወረደች። ባለሱቁ «ጠዋት በመኪና ስታልፊ አየሁሽ ልበል?» ሲላት «ሌላ ሰው ይሆናል» አለችው፤ ካለችም በኋላ የራሷ ድምፅ አስጠላት።

ግቢው ስትደርስ እየመሸ ነበር። የራሷን በር አልፋ የአጣቢዋን አንኳኳች። በዚያ ግቢ በር የሚያንኳኳ የለም፤ ተጣርቶ መግባት ነው። አጣቢዋ ከፍታ አየቻትና ገለል አለችላት። መንታዎቹ ምንጣፉ ላይ አሻንጉሊቷን ያስለቅሳሉ። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ቤቱ እየሞቀ ካፖርቱን እስከ ቢጫው ቁልፍ ቆልፋ፣ ግንባሯን ላብ አጥምቆት።

«ልጄን ልውሰድ ብዬ ነው» አለች እናትየው።

«ውሰጂያት፣ ማን ከለከለሽ?» አለች አጣቢዋ። ቀጥላም ድምፅዋን ለዘብ አድርጋ፣ «ሸሚዝሽ ደርቋል፣ አጣጥፌልሻለሁ» አለች።

«ምን ብዬ ላመስግንሽ...»

«ለኔ ተዪው። ልጅቱ ምሳዋን አልበላችም።»

ክፍላቸው ገብተው እናትየው ዳቦ ቆርሳ፣ ሻይ ቀድታ አቀረበችላት። ልጅቷ ካፖርቱን ራሷ ፈታታ አወለቀችው። እንደ ሌላው ቀን ምስማሩ ላይ አልሰቀለችውም፤ አጣጥፋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ከእናቷ ፊት አስቀመጠችው፣ የሰው ዕቃ እንደሚመለስ። እናትየው ይቅርታ ልትጠይቃት ቃል ፈለገች። ለትልቅ ሰው የሚሆን ቃል ሞልቷል፤ ለልጅ የሚሆነው ጠፋት። ልጅቷ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ነክራ በላች። በልታ ስትጨርስ አፏን ጠረገችና ቀና አለች።

«እማዬ፣ እነዚያን ሰዎች መንገድ ላይ ካገኘናቸው ማን ልበልሽ?»

እናትየው ሳታስብ፣ እንደ ተወጋ ሰው፣ እጇን ዘርግታ የልጅቷን እጅ ያዘች። «እማዬ በዪኝ» አለቻት።

«እነሱ እያዩም?»

«እነሱ እያዩም።»

ልጅቷ መጀመሪያ የእናቷን ፊት፣ ቀጥላ እጇን የያዙትን ጣቶች አየች።

«እሺ» አለች።